የምድጃው አመድና የጓሮው አፈር

በጾም ወራት የክርስቲያን ቤት ማዕድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደገፈው በጎመን፣ በድንች፣ በቀይ ሥርና በሽንኩርት ነው። የጓሮው አፈር ሲደክም እንግዲህ ቤተ ሰቡ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ምርቱ ያንሳል፣ የገበያውም ወጪ ይበዛል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለአትክልት ብርታት ስለሚሰጠው ስለ ፖታሲየምና ስለ አመራረጡ ለአንባብያን ጥቂት እንገልጻለን።

ፖታሲየም በተክሉ ውስጥ የውሃውን ልክ ይጠብቃል፤ ድርቅንና በሽታን እንዲቋቋም ይረዳዋል፤ ድንቹንም ያፋፋል። የአገራችን ገበሬዎች ለብዙ ዘመን የለመዷቸው ዳፕና ዩሪያ ግን ይህ ምግብ የለባቸውም። ጉድለቱ አስቀድሞ የሚታወቀው በታችኞቹ፣ ባረጁት ቅጠሎች ላይ ነው፤ ጠርዛቸው ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎም እሳት እንደ ለበለበው ይደርቃል።

ጉድለቱን ለመሙላት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። በማዳበሪያ አቈጣጠር ከመቶ 60 እጅ ያህል ፖታሽ ስላለበት ኃይለኛ ነው፤ ዋጋውም ከሁለተኛው ይረክሳል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ክሎራይድ ሲበዛ እንደ ባቄላና ሽንኩርት ያሉትን ይጎዳል። ሁለተኛው ፖታሲየም ሰልፌት ነው፤ ፖታሹ ከመቶ 50 እጅ ያህል ሲሆን፣ ጎመንና ሽንኩርት የሚወዱት ድኝም አለበት። ሦስተኛው በየቤታችን የሚገኘው የእንጨት አመድ ነው። ፖታሹ ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ዋጋ አይጠየቅበትም።

ይሁን እንጂ አመድ ለአፈር ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ኖራነት ስላለው የአፈርን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ዝናብ በሚበዛበት በምዕራቡ የአገራችን ክፍል እንዳለው ላለ ኮምጣጣ ቀይ አፈር እጅግ ይስማማል፤ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ ለሚገኘው ጨዋማ አፈር ግን ጉዳት ነው። ከጓሮው ደረቅ አፈር ጥቂት ወስደን አቼቶ ብናፈስበትና አረፋ ቢያወጣ፣ ኖራ አለበትና አመድ አያሻውም፤ ሰልፌቱን መምረጥ ይሻላል። አረፋ ባያወጣም ኮምጣጣ ነው ማለት አይደለምና፣ እርግጡን የሚነግረን የአፈር ምርመራ ነው።

አመድ የሚጠቀም ሰው ይህን ይጠብቅ። አመዱ ከንጹሕ እንጨት ብቻ ይሁን፤ ቀለም የተቀባ እንጨትና ፕላስቲክ የተቃጠለበት አይግባ። ዝናብ ፖታሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። ለአንድ ካሬ ሜትር መሬት በዓመት ከ100 ግራም አይብለጥ፤ ከመዝራት አስቀድሞም ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር በአንድነት አይጨመር፤ ናይትሮጅኑ በአየር ተንኖ ይጠፋልና። ለድንች መደብም አይብዛ፤ የድንቹን ልጣጭ የሚያሻክረው እከክ ይበረታበታል።

በቋንቋችን ውለታው ከንቱ የቀረበትን ሰው «አመድ አፋሽ» እንለዋለን። የአፈሩን ጠባይ አውቃ፣ ልኩንም ጠብቃ አመዱን ለጓሮዋ የምትሰጥ እናት ግን ድካሟ ከንቱ አይቀርም። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነውና፣ እኛም በእጃችን ያለውን ሳንንቅ፣ ያላወቅነውንም ሳንደፍር ጓሯችንን እንጠብቅ።