ቅቤ የመሰለ መሪ ገዢን አያታልል

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ ከተገለጸ ወዲህ፣ ቀደም ሲል የገቡት ሃይብሪዶች ከእጅ ወደ እጅ በመዘዋወር ላይ ይገኛሉ። ደላላው ለገዢው ፈጥኖ የሚያሳየው የመሪውን ቅለት ነው። «በአንድ ጣት ይዞራል» ይላል። አባባሉ ውሸት ባይሆንም ስለ መኪናዋ ጤንነት የሚያስረዳው ነገር የለም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በቤንዚን መኪና የተለመደው የዘይት ፓወር መሪ ግፊቱን የሚያገኘው በሞተሩ ቺንጋ ከሚዞር ፓምፕ ነው። ሃይብሪድ ደግሞ እየተጓዘች ሞተሯን ታጠፋለች። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ገበያ ላይ ከዋለችው ቶዮታ ፕሪየስ ጀምሮ መሪውን የሚያግዘው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተሩ በኮምፒውተር እየታዘዘ ክብደቱን ስለሚሸከም ቴስቲናው ቢላላ፣ ቦኮላው ቢበላ፣ ጎማው ቢተነፍስ እንኳ እጅ ላይ እምብዛም አይሰማም።

በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ለንግድ ጉዳይ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ፣ ከዚያም ባሮን ተከትሎ ወደ ኢታንግ የሚያመራ ሰው ግን በቁልቁለቱ ኩርባ ላይ ይደርስበታል። መሪው ዘግይቶ ይመልሳል፤ በቀጥታ መንገድም መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጎሚስታው ነው። ለፕሪየስ በፋብሪካው የተወሰነው የጎማ ነፋስ የፊቱ 35፣ የኋላው 33 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በልኩ የተሞላ ጎማ 500 ሜትር አካባቢ ወደምትገኘው ጋምቤላ ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 3 የሚጠጋ ቀንሶ ያነባል። የቀኑ ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በቀትር የተለካው አያስተማምንም፤ ማለዳ ጎማው ሳይሞቅ መለካት ይገባል። ቀጥሎ አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው፣ ቴስቲናና ቦኮላው፣ በመጨረሻም አላይመንቱ ይታያል። ልል ቴስቲና እያለ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

አንዳንዶች መሪው ፈጥኖ እንዲመልስ ትልቅ ቸርኬና ቀጭን ጎማ ያስገባሉ። በእርግጥም ይመልሳል። ነገር ግን ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ቸርኬው ይጣመማል፣ ለቦኮላውም ዕድሜ አይሰጠውም፤ ወደ ኢታንግ ለሚመላለስ ደረቱ ወፍራም የሆነው ጎማ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ የሚገዛ ሰው ሌላም ጉዳይ አለበት። ቶዮታ በኅዳር 2005 ዓ.ም. ይህን ሞዴል ጨምሮ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና ጠርቶ ነበር። መሪው በዝግታ እየተነዳ በኃይል እስከ ጥግ ሲዞር የመሪው ማያያዣ ዘንግ ጥርስ ሊበላ ይችላል ተብሎ ነው። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ጥገናው መደረጉን ማጣራት፣ መሪውንም ቀስ እያሉ እስከ ጥግ አዙሮ የሚንኳኳ ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ ዋጋ ከመቁረጥ ይቀድማል።

ባሮ ሞልቶ መሬቱ በሚጨቀይበት ክረምት ከጭቃ ለመውጣት መሪውን ደጋግሞ እስከ ጥግ ማዞር የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ መሪው በድንገት ቢከብድ ተበላሽቷል ተብሎ መፈታት የለበትም። ሞተሩ ስለሚግል ኮምፒውተሩ ራሱ እገዛውን ይቀንሳል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቢታረፍ ይመለሳል። ካልተመለሰ ወይም የመሪው መብራት ከበራ ግን በመመርመሪያ መሣሪያ መታየት አለበት። መሪው ተፈትቶ ከተገጠመም በኋላ ሴንሰሩ በዚሁ መሣሪያ እንደገና ካልተስተካከለ መሪው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል፤ ይህን ደግሞ አላይመንት አያስተካክለውም።