ኔትወርኩ ሳይደርስ የሚነሳ ኮምፒውተር

ሊኑክስ የተጫነበት የቢሮ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት የሰርቨሩ የጋራ ፎልደር ባዶ ሆኖ ይገኛል። ተርሚናሉ ላይ «ማውንት ማይነስ ኤ» ብለው ሲያዙት ግን ፋይሎቹ ወዲያው ይመጣሉ። በእጅ ሲታዘዝ ከሠራ የይለፍ ቃሉም የሰርቨሩ አድራሻም ደህና ናቸው፤ የተዛባው የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍኤስታብ የሚባለውን ፋይል አንብቦ የተዘረዘረለትን ሁሉ ያያይዛል። የራሱ ዲስክ አብሮት ስላለ አያስቸግርም። የሰርቨሩ ፎልደር ግን መስመሩ እስኪገናኝና የአይፒ አድራሻ እስኪገኝ መጠበቅ አለበት። ካልተጠበቀ ምን እንደሚሆን ለማየት «ጆርናልሲቲኤል ማይነስ ቢ» ብሎ ኮምፒውተሩ ከተነሳ ወዲህ ያለውን መዝገብ መክፈት ነው። የዊንዶውስ ዓይነት ፎልደር ከሆነ፣ ስህተት 101 ማለት ወደ ሰርቨሩ የሚያደርስ ኔትወርክ ገና የለም ማለት ነው። 13 ካለ ግን ፈቃድ ተከልክሏል፤ ያኔ የይለፍ ቃሉን መመርመር ተገቢ ነው።

በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ላይ ይህን ሥራ የሚመራው ሲስተምዲ፣ እንዲህ ያለ ፎልደር ኔትወርክ እንደሚፈልግ ያውቃል። መጠበቁን የሚያከናውነው ግን ሌላ አገልግሎት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ ብሎ ያንን ያጠፋ ሰው ጥበቃውንም አብሮ አጥፍቷል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ተቀምጦ ከሆነ፣ ባለቤቱ እስኪገባ ድረስ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ግንኙነቱን ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት ማድረግ ይፈታዋል።

እኔ የምመርጠው ግን ጨርሶ በመነሻው ሰዓት አለማያያዝን ነው። ኤፍኤስታብ ውስጥ «ኤክስ ሲስተምዲ አውቶማውንት» የሚለውን ምርጫ ቢጨምሩበት፣ ፎልደሩ የሚያያዘው ሰው ወይም ፕሮግራም ሊከፍተው ሲሞክር ብቻ ነው።

ችላ ሊባል የማይገባው አደጋ ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር ይመጣል። ፎልደሩ ሳይያያዝ ቢቀር ቅጂ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም ባዶውን ፎልደር አግኝቶ እዚያው ይጽፋል፤ የኮምፒውተሩ ዲስክ ይሞላል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን አንድም ፋይል አይደርስም። ኋላ ፎልደሩ ሲያያዝ ደግሞ የተጻፈው ሁሉ ከሥሩ ተሸፍኖ ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ፎልደሩ ባልተያያዘበት ጊዜ ባዶውን «ቻትአተር ፕላስ አይ» በሚለው ትእዛዝ ይቆልፉት። ያን ጊዜ ሩት የሚባለው ዋና አስተዳዳሪ እንኳ ሊጽፍበት ስለማይችል፣ ፕሮግራሙ በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ስህተቱን ይናገራል።