ያውቁ ኖሯል? የዋሻ ሰውና ዳይኖሰር ተያይተው አያውቁም

• የዋሻ ሰዎችን ከዳይኖሰር ጋር ካፋለሙ ፊልሞች ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው «አንድ ሚሊዮን ዓመት ቅድመ ክርስቶስ» ነው። የፊልሙ የልዩ ትዕይንት ባለሙያ ሬይ ሃሪሃውሰን ትንንሽ የዳይኖሰር ቅርጾችን በጥቂት በጥቂቱ እያነቃነቀ አንድ በአንድ ፎቶ ያነሳቸው ነበር፤ ለአንዲት ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል።

• ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የእኛዋ ድንቅነሽ (ሉሲ) እንኳ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

• እውነተኛው የጥንት ሰዎች ዋሻ ሩቅ አይደለም። ከሆሳዕና በስተደቡብ፣ በወላይታው ዳሞት ተራራ፣ በሞቼና ቦራጎ ዋሻ ሰዎች ከ40 ሺህ ዓመት በፊትም ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር።

ከሆሳዕና መናኸሪያ የሶዶ መኪና ሲሳፈሩ መስኮቱን ይያዙ፤ ወደ ሶዶ ሲቃረቡ ዳሞትን ቀና ብለው ይመልከቱ።