ከፈጅር በፊት የሚቀሰቅስ የወገብ ሕመምና የልብ ትርታ



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ሲሰሟቸው የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን እናነሳለን፤ የወገብ ሕመምንና የልብ ትርታን።

ፈረስ ቤት ላይ ሸማ የሚሠራ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት እናስብ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወገቡ ይቀሰቅሰዋል። ለፈጅር ሲነሳ ጀርባው እንደ እንጨት ደርቆ ሩኩዕ መውረድ ይቸግረዋል፤ ሲያሰላምትም አንገቱ አይዞርለትም። ረፋዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ ደህና ይሆናል። የደጋ ዳሞት ብርድ የታወቀ ነውና ቤተሰቡ «ብርድ መትቶት ነው» ይላል፤ በቅቤ ይታሻል፤ ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ለጁሙዓ ሶላት እንደቆመ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ያን ጊዜ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ጂን ነው» ይባላል። የወገቡን ሕመምና መውደቁን አንድ ላይ አስቦ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንናገር። አብዛኛው የወገብ ሕመም ከልብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሸክም፣ እርሻ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብን ያሳምማል፤ እንዲህ ያለው ሕመም ሲሠሩ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ዛሬ የምንናገርለት ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ከ40 ዓመት በፊት ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከ3 ወር በላይ ይቆያል፣ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያደርቃል። አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ መቀመጫን ያማል። አንዳንዱን ሰው ዓይኑን አቅልቶ ብርሃን ያስጠላዋል። ሐኪሞች አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ይሉታል። ጅማት ከአጥንት የሚጣበቅበት ቦታ ይቆጣል፤ ቁጣው ሲደጋገም የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ። በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌም አለው፤ ኤች.ኤል.ኤ. ቢ27 ከሚባለው የደም ምልክት ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ይህ ልብ ጋር ምን አደረሰው?

ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ትእዛዙ ከላይኛው የቀኝ ክፍል ይነሳል፤ መሐል ላይ ካለች ትንሽ ጣቢያ ይደርሳል፤ ከዚያ በቀጭን መስመሮች ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል። መስጊድ ሲሞላ የኋላው ሰፍ የኢማሙን ድምፅ አይሰማም፤ መሐል የቆመ ሰው ተክቢራውን ተቀብሎ ያደርሳል። የልቧ ጣቢያ ሥራም ይኸው ነው። አድራሹ ሰው ቢዘገይ የኋላው ሰፍ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ሶላቱ አይፋለስም፤ የልቡ መዘግየትም ብቻውን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። አንዳንዱን ተክቢራ ቢዘል ግን የልብ ምት ይጎድላል። ፈጽሞ ዝም ካለ ደግሞ ታችኞቹ ክፍሎች ከላይኛው ተለያይተው በራሳቸው አዝጋሚ ምት ይሄዳሉ፤ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በታች። ያን ጊዜ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ ሰውየው ያዞረዋል፣ ይወድቃል።

ይህች ጣቢያ ያለችው ዋናው ደም ወሳጅ ቧንቧ (አኦርታ) ከልብ በሚወጣበት ሥር አጠገብ ነው። ወገብን የሚያስቆጣው በሽታ አልፎ አልፎ ይህንን ሥር ያስቆጣዋል፤ ጠባሳው ወደ ታች ሲወርድ መስመሩን ይዘጋል። የቧንቧው ቫልቭም ሊያፈስ ይችላል። በ1982 እ.ኤ.አ. የስዊድን ሐኪሞች የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለላቸውን 223 ወንዶች መርምረው ይህ የወገብ በሽታ ከተራው ሕዝብ ይልቅ በእነርሱ ላይ በዝቶ እንደሚገኝ ጽፈዋል። በጠቅላላው ግን በሽታው ካለባቸው ሰዎች ልባቸው እስከዚህ የሚደርሰው ጥቂቶቹ ናቸው።

ለገጠሩ አድማጫችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጥሬ ወተት የሚያስይዘው ብሩሴሎሲስም ወገብንና ዳሌን ያሳምማል፤ ትኩሳቱ መጣ ሄደት የሚል ነው፣ ያልባል። አልፎ አልፎ የልብን ቫልቭ ይይዛል፣ ያም መስመሩን ሊጎዳ ይችላል። ወተቱን አፍሉት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያለበት የወገብ ሕመም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላልና አይቆይ፤ መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ ይሰጣል።

እቤት ውስጥ ምን እናድርግ? የበሽተኛውን ትርታ መቁጠር እንችላለን። አረፍ ይበል፤ ሁለት ጣታችንን ከእጁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል አድርገን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንቁጠር። ጉልበት የሚሠራ ጤነኛ ሰው 50 ቢሆንለት አያስደንቅም። ከ40 በታች ከሆነ፣ ወይም ከ50 በታች ሆኖ ማዞር፣ ትንፋሽ ማጠርና ራስን መሳት ከተጨመረበት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው መታየት አለበት፤ መስመሩ ተዘግቶ መልሶ ሊከፈት ይችላልና። ለሐኪሙ መውደቁን ብቻ ሳይሆን የወገቡንም ሕመም ይንገር። የልብ ምርመራው ኢ.ሲ.ጂ. ይባላል፤ ደረት ላይ ሽቦ ለጥፎ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነው፣ አያምም። ከፈረስ ቤትና ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ካለፈ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ።

ሩቅያ ማስቀራቱን አንቃወምም። ነገር ግን የወደቀ ሰው ትርታው ሳይቆጠር ወር ሙሉ ከቤት እንዲተኛ ማድረግን እንቃወማለን፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው መድኃኒት ፈልጉ ብለዋልና። ወጌሻንም በሚመለከት ብርቱ ማሳሰቢያ አለን፤ የተያያዘ አከርካሪ ጠንካራ ይመስላል እንጂ በቀላሉ የሚሰበር ነው። አንገትና ወገብ በኃይል አይጠምዘዝ።

የወገቡ ሕክምና በየቀኑ የሚደረግ እንቅስቃሴና እንደ ኢንዶሜታሲን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። እነዚህ በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ውኃ በጎደለበት ሰውነት ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የረመዷንን አወሳሰድ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ጀርባው የማይታጠፍለት ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ ሸሪዓው ፈቅዷል፤ በልጅነቱ የደረቀ ወጣት ወንበር ላይ ሲሰግድ በክፉ ዓይን የምናይ ሰዎች እንጠንቀቅ።

መስመሩ ፈጽሞ ከተዘጋ መፍትሔው ከቆዳ ሥር የሚቀበር የምት ማስተካከያ ነው። የመጀመሪያው በ1958 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ለአርነ ላርሶን ተተከለ፤ ሰውየው ከ20 በላይ መሣሪያ ተቀያይሮለት እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ኖረ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይተከላል። ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ስለሆነ ጀመዓው ሊያስብበት ይገባል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ውዱእም ሩኩዕም ሱጁድም አይከለክልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ በተተከለበት በኩል ያለው ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሳም፤ በተክቢራም ጊዜ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዝቅ ይበል።