የጁዲት ራይት ወፎች

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ወደቀች። ከአራት ቀን በኋላ የጃፓን አውሮፕላኖች የሰሜን አውስትራሊያዋን የወደብ ከተማ ዳርዊንን በቦምብ ደበደቡ። አውስትራሊያውያን ቀጣዩ ወረራ በእኛ ላይ ነው ብለው በሰጉበት በዚያ ዓመት፣ ሲድኒ ትኖር የነበረች አንዲት ወጣት በባቡር ወደ ቤተሰቧ ርስት ተመለሰች። ወንዶቹ ዘምተው ከብቱንና በጉን የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ አባቷን ልታግዝ ነበር የሄደችው። ባቡሩ እያቃሰተ የሙንቢን ዳገት ሲወጣ፣ አቧራና የባሕር ዛፍ ጭጋግ የሸፈነውን፣ ድርቅ የመታውን ምድር በመስኮት እያየች፣ ይህ አገር የራሷ መሆኑ ድንገት እንደተሰማት ይህች ወጣት፣ ገጣሚዋ ጁዲት ራይት፣ ከዓመታት በኋላ ጽፋለች።

ተወልዳ ያደገችው እዚያው፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜን በሚገኘው ኒው ኢንግላንድ በሚባል ደጋ ነው። ክረምቱ የሚያንዘፈዝፍ፣ አለታማ አገር ነው። በ1946 ያሳተመችው የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏ በዚህ ደጋ የተሞላ ነው። ከግጥሞቹ በአንዱ ዳን የሚባል ሽማግሌ ከብት ነጂ በብርድ ወቅት እሳት ዳር ተቀምጦ ድሮ ስለተነዳ መንጋና ስለ ድርቅ ዘመን ያወጋል። ሰሚ ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም። ስለ ጦርነቱ በቀጥታ ከጻፈቻቸው ይልቅ የዘመኑን ጭንቀት ያሳየኝ ይህ ግጥም ነው። ሊያጣው ይችላል ብሎ የሰጋውን ነገር ሰው እንዲህ አጥብቆ ያየዋል።

ጦርነቱ ሳያበቃ ወደ ብሪዝበን ሄዳ በዩኒቨርሲቲ ሥራ ያዘች፤ ሚያንጂን የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መጽሔትም በትርፍ ጊዜዋ ታግዝ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተውን፣ በዕድሜ ከሃያ ዓመት በላይ የሚበልጣትን ፈላስፋ ጃክ መኪኒን ያወቀችው በዚያ ነው። ታምቦሪን በሚባል ደን የለበሰ ተራራ ላይ አብረው ኖሩ፤ በ1950 ሜሬዲት የምትባል ልጅ ወለዱ። ይህች ልጅ አድጋ ጃፓን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ኖረች፤ የጃፓንን ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ በመመለስም ስመ ጥር ሆነች። እናትየዋ በባቡሩ መስኮት አገሯን ያየችበትን ያን የፍርሃት ዓመት እያሰብኩ ይህን ሳነብ ልቤ ተነክቷል።

በ1962 የወጣውና "ወፎች" የሚል ርእስ ያለው መጽሐፏ በአብዛኛው ለዚህች ልጅ የተጻፈ ነው። ጭልፊት፣ ሳቢሳ፣ ፔሊካን፣ ጥቁር ኮካቶ፣ ሁሉም አሉበት። እኔ ሜልቦርን ነዋሪ ስለሆንኩ ማግፓይን ከጎረቤቶቼ በላይ አውቀዋለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጎህ ሲቀድ የሚያሰማው ዜማ ከአልጋ ያስነሳል። በጸደይ ግን ጎጆው አጠገብ ያለፈን ሰው ከኋላው መጥቶ ጭንቅላቱን ይመታል። ብስክሌተኞች ሄልሜታቸው ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ እንደ እሾህ አቁመው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ጁዲት የዚህን ወፍ የጨዋ አረማመድ፣ ምግብ ላይ የሚያሳየውን ስግብግብነት፣ ከዚያም ያን ሁሉ የሚያስረሳውን ዝማሬ በአንድ አጭር ግጥም አስገብታዋለች። ምንም አላጣፈጠችለትም፤ ወፉ ራሱ ነው።

ይህን የጻፈችው ጆሮዋ እየከዳት ነው። የመስማት ችሎታዋ በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሳለች መቀነስ ጀምሮ፣ በስተርጅና ጨርሶ ጠፋ። በግጥሞቿ ውስጥ የወፎቹ አቋቋም፣ አንገት አዟዟርና አበራረር ያን ያህል የጠራው ዓይኗ የጆሮዋንም ሥራ ስለሠራ ይመስለኛል። ላየርበርድ ስለሚባለው፣ ጅራቱ የክራር ቅርጽ ስላለውና የሌሎችን ወፎች ድምፅ አስመስሎ ስለሚዘምረው ወፍ የጻፈችው ደግሞ ይለያል። ቅርቧ እያለ ሄዳ እንዳላየችው፣ ሳይነካ ተሰውሮ ቢኖር እንደምትመርጥ ነው የምትናገረው።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ሌላውን ግማሽ ሳያነቡ ወፎቹን ብቻ መውደድ ይከብደኛል። በዚያው በመጀመሪያው መጽሐፏ፣ ከብት ወግታችኋል ተብለው በበቀል ወደ ገደል እየተነዱ ስለተጣሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ስለ አቦርጂናሎች፣ የሚናገር ግጥም አለ። ታሪኩን የሰማችው ከአባቷ ነው። የእሷ ቤተሰብ መሬት ከያዙት ነጭ ሰፋሪዎች አንዱ ነበር፤ ስለዚህ "የእኔ አገር" ያለችው ምድር ከማን እንደተወሰደ ታውቃለች። በ1959 የአያቶቿን ታሪክ በአድናቆት ጻፈች። በ1981 ግን ያንኑ ዘመን እንደገና ከፍታ፣ በመሬቱ ባለቤቶች ላይ የደረሰውን ጨምራ ሌላ መጽሐፍ አወጣች። የገዛ ዘሩን ታሪክ ደግሞ ለመጻፍ የሚደፍር ብዙ ሰው አላየሁም። አቦርጂናሏ ገጣሚ ኡጀሩ ኑኑካል የልብ ጓደኛዋ ነበረች፤ በ1964 የመጀመሪያ መጽሐፏ እንዲታተም የደገፈቻትም ጁዲት ናት። ለእሷ በጻፈችው ግጥም ውስጥ ፍቅራቸውንም በመካከላቸው ያለውን በደልም አልሸሸገችም።

ግጥም መጻፉ ብቻ አልበቃትም። በ1962 ከጓደኞቿ ጋር የኩዊንስላንድን የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር መሠረተች። በ1967 አንድ ሰው ከግሬት ባሪየር ሪፍ፣ በባሕር ውስጥ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተዘረጋው የኮራል ግንብ፣ ኤሊሰን የተባለውን ክፍል ቆፍሮ ለማዳበሪያ የሚሆን ኖራ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ኮራሉ ሞቷል የሚል ምክንያት ነበረው። ማኅበሩ ጠላቂ ዋናተኞች አሰማርቶ ሕይወት እንዳለው አስመሰከረ፤ ማመልከቻውም ውድቅ ሆነ። ቀጥሎ የነዳጅ ቁፋሮ ዕቅድ መጣ፤ ደብዳቤው፣ ስብሰባው፣ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1975 ሪፉን የሚጠብቀው የባሕር ፓርክ ሕግ ወጣ፤ በ1981 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ይህ ሁሉ ከግጥም ጊዜዋ ተቀንሶ የተሠራ ነው። ያልተጻፉት ግጥሞች ቢያሳዝኑኝም ምርጫዋ ትክክል ነበር እላለሁ።

በ2000 በካንቤራ ስታርፍ 85 ዓመቷ ነበር። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከነባር ሕዝቦች ጋር ዕርቅ እንዲወርድ በተጠራው ሰልፍ ላይ ከሕዝቡ ጋር ተገኝታ ነበር።