የሰርቨራችን ሞጁሎች፦ ምንድናቸው? እንዴት ይጨመራሉ? እንዴትስ ይነሳሉ?

በዚህ ዕትም የምናነሳው በመሐመድ ሞጌ መማሪያ ክፍላችን ጥግ ላይ ቀን ከሌት ስለምትሠራው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ብዙዎቻችሁ «ሰርቨሯ» ትሏታላችሁ። ስልካችሁን ከክፍሉ ዋይፋይ ጋር ስታገናኙ መጻሕፍቱን፣ የፈተና መለማመጃውንና የትምህርት ፕሮግራሙን የምታወጣላችሁ እሷ ናት። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ሥራዋን ትሠራለች።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ነው። አንዲት የማታ ተማሪያችን የሒሳብ መልመጃ ስትፈልግ የገጹን አድራሻ መጨረሻ ቆርጣ ብትሞክረው የፋይሎች ዝርዝር መጣላት። ከዝርዝሩ አንዱን ነካች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደኛ መጣችና «ቲቸር፣ ይሄ የኔ ስም አይደል እንዴ?» አለችን። አዎ፣ ስሟ ነበር። ስልክ ቁጥሯ፣ የመጣችበት አካባቢና የስደተኛ ወረቀቷ ቁጥርም አብሮ ነበር። የሌሎቻችሁም እንዲሁ። በምዝገባ ጊዜ ከፍላሽ ስንገለብጥ እኛው ራሳችን እዚያ ፎልደር ውስጥ ረስተነው ኖሯል።

ስደተኛ የሆነ ሰው የስም ዝርዝር ምን ማለት እንደሆነ ሲነገረው አይፈልግም፤ ያውቀዋል። ስማችን የት እንደተጻፈና ማን እንደሚያየው እያሰብን ነው የምንኖረው። ስለዚህ ያን ጊዜ በቃል የጠየቅነውን ይቅርታ እዚህም በጽሑፍ እንደግማለን። ፋይሉንም በዚያው ሰዓት አነሳነው። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ፦ ያን ዝርዝር ያወጣው ማነው? እኛ እንዲህ ያለ ገጽ አልሠራንም። መልሱ «ሞጁል» የሚባለው ነገር ነው።

ሞጁል ምንድነው?

ዌብ ሰርቨር ማለት ከብራውዘር ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። እኛ የምንጠቀመው አፓቺ የሚባለውን ነው። አፓቺ ራሱ፣ ማለትም ዋናው አካሉ፣ የሚያውቀው ሥራ ጥቂት ነው። የቀረውን የሚሠሩለት ሞጁሎች ናቸው። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው መሆኑ ነው።

መምህራን ስለሆንን በትምህርት ቤት እንመስለው። አፓቺ ዳይሬክተሩ ነው እንበል። ሞጁሎቹ መምህራን ናቸው። ዳይሬክተሩ ጠዋት ቢሮውን ሲከፍት መጀመሪያ አንድ መዝገብ ያነባል። መዝገቡ ላይ «እገሌ የሚባለው መምህር ይጠራ፣ ቤቱም እዚህ ቦታ ነው» የሚሉ መስመሮች አሉ። እነዚህ መስመሮች «ሎድ ሞጁል» በሚል ቃል ይጀምራሉ። የተጠራው መምህር ሲመጣ የሚሠራበትን ሰዓት ለዳይሬክተሩ ያስመዘግባል። አንዱ «እኔ ሰው ሲገባ በር ላይ እፈትሻለሁ» ይላል። ሌላው «እኔ መልሱ ሊወጣ ሲል አሳንሼ እጠቀልላለሁ» ይላል። ሦስተኛው «እኔ ማን መጥቶ ምን እንደወሰደ እጽፋለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ዳይሬክተሩ በየተራቸው ይጠራቸዋል።

የፋይሎቹን ዝርዝር ያወጣው መምህር «አውቶኢንዴክስ» ይባላል። ሥራው ግልጽ ነው፤ አንድ ፎልደር ውስጥ የመግቢያ ገጽ ከሌለ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ዘርዝሮ ያሳያል። እኛ በምንጠቀምበት ኡቡንቱ ላይ አፓቺ ሲጫን አብሮ ይጠራል። እኛ አልጠራነውም፤ መኖሩንም አላወቅንም። እሱ ግን ሥራውን በትክክል ሠራ። ጥፋቱ መዝገቡን ያላነበብነው የኛ ነው።

«ሲሠራ የሚጫን» ማለትስ?

ድሮ ሞጁሎቹ ከዋናው ፕሮግራም ጋር አብረው ነበር የሚሠሩት። መምህራኑ ከግድግዳው ጋር አብረው እንደተለሰኑ ቁጠሩት። አንድ ሰው ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ቤቱን አፍርሶ እንደገና መሥራት ግድ ነበር፤ ማለትም ፕሮግራሙን ከምንጩ እንደገና ማጠናቀር። ይህ ዕውቀትም ጊዜም ይጠይቃል።

የአፓቺ ታሪክ ራሱ ከዚህ ጋር ይያያዛል። አሜሪካ አገር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኤንሲኤስኤ የተባለ ማዕከል ሮብ ማክኩል የጻፈው አንድ ዌብ ሰርቨር ነበረው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ማዕከሉን ሲለቅ የፕሮግራሙ ዕድገት ቆመ። በየቦታው ይጠቀሙበት የነበሩ ሰዎች ግን ሥራው እንዳይቆም እያንዳንዳቸው የጎደለውን ይጠግኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ጥገናዎቻቸውን አንድ ላይ ሰበሰቡ፤ አፓቺም ከዚያ ወጣ። ሞጁልን ሳያፈርሱ የመጫን ዘዴ በደንብ የገባው በ1.3 ዕትም እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሌላው ታዋቂ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ይህን ዘዴ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

አሁን እንግዲህ እያንዳንዱ ሞጁል ለብቻው የተቀመጠ ፋይል ነው። መዝገቡ ላይ መስመሩ ካለ ይጠራል፤ ከሌለ ፋይሉ ዲስክ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል። የእነዚህ ፋይሎች ስም በሊኑክስ ላይ የሚያልቀው በነጥብና «ኤስ ኦ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ሲሆን ትርጉሙ ብዙ ፕሮግራም በጋራ የሚጠቀምበት ፋይል ማለት ነው። ሶማሊኛ የምትናገሩ ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም፤ የሶማሊኛ ቋንቋ መለያ ኮድም «ኤስ ኦ» ነውና!

ስናነሳው ምን ደረሰብን?

አውቶኢንዴክስ ክፍላችን ውስጥ ለማንም አያስፈልግም ብለን ልናነሳው ወሰንን። በኡቡንቱ ላይ ሞጁል መጨመሪያው «ኤ ቱ ኤን ሞድ»፣ ማንሻው ደግሞ «ኤ ቱ ዲስ ሞድ» የሚባል ትዕዛዝ ነው። (በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ሙሉ ትዕዛዝ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ስትሞክሩ ከዚያ ገልብጡ።) ትዕዛዙን ስንሰጥ ማሽኑ አስጠነቀቀን። ይህ መሠረታዊ ሞጁል ስለሆነ በእርግጥ ከፈለጋችሁ «አዎ፣ እንደምልህ አድርግ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ አለን። ጻፍን። ሰርቨሩን አቆምን። እንደገና ስናስነሳው አልነሳ አለ።

ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። በማግስቱ ጠዋት የሞዴል ፈተና አለ፤ ጥያቄዎቹም ያሉት እዚያው ሰርቨር ላይ ነው። በቃ፣ እንቅልፍ የለም ማለት ነው።

ምክንያቱ ቆይቶ ተገኘ። ከወራት በፊት በሌላ የመዝገብ ገጽ ላይ «ዝርዝሩ እንዲህ ባለ መልክ ይውጣ» የሚል አንድ መስመር በእጃችን ጽፈን ነበር። መስመሩ የሚናገረው ለአውቶኢንዴክስ ነው። መምህሩ ሲነሳ ለሱ የተጻፈው ትዕዛዝ ባለቤት አጣ። አፓቺ ደግሞ የማያውቀው ትዕዛዝ ካየ ዘሎ አያልፍም፤ «ይህን አላውቅም» ብሎ ሥራ መጀመሩን ይተዋል። አንድ መስመር ሙሉውን ሰርቨር አስቆመ። መስመሩን ሰረዝነው፤ ተነሳ። ፈተናውም በሰዓቱ ተሰጠ።

እኛ ዩኒቨርሲቲ የጀመርነውን ሳንጨርስ ነው ከአገር የወጣነው። ሰርቨር ማስተዳደር የሚባል ኮርስም አልደረስንበትም። ያን ሌሊት ያስተማረን የስህተት መልዕክቱ ራሱ ነው። የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር እንደሆነ ይናገር ነበር፤ እኛ ደንግጠን አላነበብነውም። ተማሪዎች፣ ይህን ያዙልን፦ መጀመሪያ መልዕክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። አውቶኢንዴክስን ማንሳት ዝርዝሩን ይደብቃል እንጂ ፋይሉን አይቆልፍም። የፋይሉን ሙሉ ስም የሚያውቅ ሰው አሁንም ይከፍተዋል። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ የሰው ስም ያለበትን ፋይል ከነጭራሹ ሰርቨሩ ከሚያወጣቸው ፎልደሮች ውጭ ማድረግ ነው። አሁን የምዝገባው መዝገብ ሰርቨሯ ላይ የለም።

ሦስት የሚጠቅሙን ሞጁሎች

አንደኛው «ዲፍሌት» ነው። ስናጣራ ቀድሞ ተጭኖ አገኘነው። ሥራው ጽሑፍን ከመላኩ በፊት ማሳነስ ነው። ለኛ ፊደል ይህ በጣም ይጠቅማል። ለምን ቢባል፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። የእንግሊዝኛው ፊደል የሚወስደው 1 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ 1,000 የአማርኛ ፊደል 3,000 ባይት ይሆናል ማለት ነው። ደግነቱ፣ ከሀ ጀምሮ ያለው ዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ከሦስቱ ባይት የመጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለተኛውም ከስድስት ዓይነት አንዱ ነው። የሚደጋገም ነገር ደግሞ ለማሳነስ ይመቻል። ፎቶና ቪዲዮ ግን ቀድሞውኑ የታመቁ ስለሆኑ በዚህ መንገድ እምብዛም አያንሱም።

ሁለተኛው «ኔጎሺዬሽን» ነው፤ መደራደር እንደማለት። ስልካችሁ ገጽ ሲጠይቅ የተስተካከለበትን ቋንቋ አብሮ ይናገራል። ይህ ሞጁል ያንን አይቶ የሚስማማውን ቅጂ ይመርጣል። የመግቢያ ገጻችንን በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ጽፈን ያስቀመጥነው ለዚሁ ነው። ሞጁሉ ቀድሞም ነበር፤ እኛ የጨመርነው የቋንቋዎቹን ኮድ የሚያስተዋውቁ መስመሮችን ነው። ስልኩ በእንግሊዝኛ የተስተካከለ ሰው ግን በዚያው እንዳይቀር፣ ከገጹ ሥር ቋንቋ መምረጫ አኑረናል።

ሦስተኛውን፣ «ኤክስፓየርስ» የሚባለውን፣ እኛው ጨመርነው። ለብራውዘሩ «ይህን ሥዕል ለአንድ ሳምንት አስቀምጠው፣ በየጊዜው አትጠይቀኝ» ይለዋል። ሠላሳ ተማሪ አንድ ገጽ በአንዴ ሲከፍት በደካማ ዋይፋይ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ጉዳቱም አለ፤ ሥዕሉን ብንቀይረው አንዳንዱ ስልክ ሳምንት እስኪሞላ የድሮውን ያሳያል። ሲቀየር የፋይሉንም ስም መቀየር ነው መፍትሔው።

ከመንካታችን በፊት

ከደረሰብን ተነስተን ለራሳችን ያወጣነው ደንብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ. በመጀመሪያ የተጫኑትን ሞጁሎች ዝርዝር ማውጣትና እያንዳንዱን «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ። መልስ ያጣንለትን መመሪያው ላይ እናነባለን። መመሪያውን ላፕቶፑ ላይ ጭነነዋል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

2ኛ. የማያስፈልገውን አለመጫን። እያንዳንዱ ሞጁል ሚሞሪ ይበላል፤ ተጨማሪ በርም ነው። በር ሲበዛ ጠባቂውም መብዛት አለበት።

3ኛ. ከየትም የተገኘ የሞጁል ፋይል አለመጫን። ለሌላ ዕትም ወይም ለሌላ ዓይነት ማሽን የተሠራ ከሆነ አፓቺ አይቀበለውም። ከተቀበለው ደግሞ የሰርቨሩ አካል ሆነ ማለት ስለሆነ ሰርቨሩ የሚያየውን ሁሉ ያያል። ከኡቡንቱ የራሱ ማከማቻ ብቻ እንወስዳለን።

4ኛ. መዝገቡን ከመንካት በፊት ቅጂ ማስቀመጥ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረ ደብተር ላይ መጻፍ።

5ኛ. ከለወጡ በኋላ «ኮንፊግ ቴስት» የሚባለውን ፍተሻ ማካሄድ። ስህተት ካለ ሰርቨሩ ሥራ ላይ እንዳለ ይነግረናል።

6ኛ. አቁሞ ከማስነሳት ይልቅ «ግሬስፉል» የሚባለውን አነሳስ መጠቀም። ይህ በእጁ ያለውን ጥያቄ ጨርሶ መዝገቡን እንደገና ያነባል። አስቀድሞም መዝገቡን ይፈትሻል፤ ስህተት ካገኘ እምቢ ብሎ በነበረበት ይቀጥላል። ያን ምሽት ይህን አውቀን ቢሆን ኖሮ በተኛን ነበር።

7ኛ. በፈተና ዋዜማ ምንም ነገር አለመንካት!

ለመምህራን አንድ ሐሳብ እናክል። ይህ ሥራ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። እኛ ነገ እዚህ ላንኖር እንችላለን፤ የስደት ነገር ይታወቃል። ስለዚህ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪ መዝገቡን ማንበብ፣ ሞጁል መጨመርና ማንሳት ቢለምድ ሰርቨሯ ሰው አታጣም። ለልምምድ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አፓቺ ጭነናል፤ እሱን ብታበላሹት ማንም አይቆጣም።

ስሟን ዝርዝሩ ላይ ያገኘችው ተማሪያችን የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆናለች። «ስሜ የት እንደሚቀመጥ እኔው ራሴ ማየት እፈልጋለሁ» ነው ያለችን። ልክ ናት።