ቃሊቲ የተነፋ ጎማ ቆላ ሲወርድ

በዕረፍት ጊዜ ወደ አዳማ ወይም ወደ ደቡብ አገር የምንሄድ ተማሪዎች ብዙዎቻችን የምንሳፈረው ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው። ስንሳፈር የምንጠይቀው ሒሳቡ ስንት እንደ ሆነ፥ መኪናውም መቼ እንደሚነሣ ነው። ጎማውን ጐንበስ ብሎ የሚመለከት ተሳፋሪ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን የአንድ ትንሽ መኪና ጎማ መሬቱን የሚይዘው የሰው መዳፍ በምታህል ስፍራ ብቻ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመውም ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ነፋስ ነው።

ነፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፥ ይዘረጋል። ሽቦ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው እንደሚያውቀው መታጠፍ ሙቀትን ይወልዳል። ፍጥነቱ ሲጨምርና ጭነቱ ሲበዛ ሙቀቱ ይበረታል፤ በመጨረሻም ላስቲኩ በውስጡ ካለው ክርና ሽቦ ተላቆ ጎማው ይፈነዳል። ሰው ግን «አስፋልቱ ግሎ ነው» ይላል። ከቃሊቲ ማዶ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ ፈጣን መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ፥ ያለ ማቋረጥ በፍጥነት መሮጥ ስለ ተቻለ፥ ነፋስ የጐደለው ጎማ ነገር ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብ ሆኗል።

ከዚሁ አስተያየት የሚመነጭ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ቆላ የሚወርድ ሹፌር «ይግላል» በማለት አስቀድሞ ነፋስ ያስቀንሳል፤ ወይም መንገድ ላይ ቆሞ የጋለውን ጎማ በቫልቮላው ያስተነፍሰዋል። ጎማ ሲሮጥ ግፊቱ የሚጨምር መሆኑን ግን ፋብሪካው አስቀድሞ አስቦበታል። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ነው፤ ይኸውም መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ የሚለካው ማለት ነው። እንደ ጋለ የተቀነሰለት ጎማ ሌሊት ሲበርድ ጐድሎ ያድራል፥ በማግሥቱም ጐድሎ ይጓዛል።

የከፍታው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነው። መለኪያው የሚያሳየው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የውጭው አየር በአንድ ስኩዌር ኢንች 11 ፓውንድ ያህል ሲጫን፥ በጅቡቲ ጠረፍ 14.7 ይጫናል። ስለዚህ እዚህ በ40 የተነፋ ጎማ እዚያ ሲደርስ፥ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፥ መለኪያው 36 ተኩል ባሳየ ነበር። አየሩ ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ቢሞቅ ግን፥ ሙቀቱ የጠፋውን 3 ተኩል ይመልሳል፤ መለኪያውም እንደገና 40 ይላል። (የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ሒሳቡን ቢያርሙን አንቀየምም።) ከቃሊቲ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና ጎማው በ110 ቢነፋ 5 ያህል ይጨምራል፤ ይኸም ለማስተንፈስ የሚያበቃ ምክንያት አይደለም።

የጎማውን ታሪክ ጥርሱ ይናገራል። ሁለቱ ጠርዝ አልቆ መካከሉ ከቀረ ነፋስ ሲያንሰው ኖሯል፤ መካከሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል። በአንድ ጎን ብቻ ያለቀ እንደ ሆነ የእግሩ አቅጣጫ ተዛብቷል። የጥርሱ ሥራ በክረምት ውሃውን ከሥሩ ማስወጣት ነው። የአውሮፓ ሕግ ለትንሽ መኪና የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ይኸ ከክብሪት እንጨት ውፍረት አይበልጥም። መላጣው ጎማ ለበርባሶ ጫማ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

ጎሚስታው በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ቢያዳምጥ ጨርሶ የተነፈሰውን ያገኛል፤ ሩብ ያህል የጐደለውን ግን በድምፅም በዓይንም መለየት ያስቸግራል። መለኪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ከኋላ ጥንድ ጎማ ባለው አውቶቡስ ደግሞ የውስጠኛው ተሸፍኖ ስለሚቀር ሳይለካ የሚከርምበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ መኪናው እስኪሞላ ድረስ አንድ ጊዜ ዞር ብለን ጥርሱን እንመልከት፤ ረዳቱንም በትሕትና «ወንድም፥ የውስጠኛው ዛሬ ተለክቷል?» ብለን እንጠይቅ። ቢቆጣም ሒሳብ ከመክፈላችን በፊት ነው።